ቢሪያኒ በደብረ ብርሃን ብርድ

የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። ሰባት ዓመት ጅዳ ሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሕንፃ ግራውንድ ላይ ዓባያ፣ ሻርፕና የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፉ መንገደኞች ሱቄ ጎራ ይላሉ። ሻርፕ መርጠው፣ ዋጋ ተከራክረው ሲጨርሱ የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ነው። «እህቴ፣ እዚህ ሐላል የት ይበላል?»

ቀድሞ የማውቃቸውን የሙስሊም ቤቶች እጠቁማለሁ። ጥብስ አለ፣ ሩዝ በሥጋ አለ፣ ፓስታ አለ፣ በቃ። አሁን ግን ሞል በምንላቸው ሕንፃዎች ላይ «ኤዥያን»፣ «ቢሪያኒ»፣ «ሐላል» የሚሉ ጽሑፎች እያየሁ ነው። ቢሪያኒ ሩዝና ሥጋ ተደርድሮ የሚበስል የሕንድ ምግብ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ እንዲሁ በግምት መናገር አልወድም። ስለዚህ ሦስት ቤቶች መርጬ ደጋግሜ በላሁ። በራሴ ገንዘብ ነው የበላሁት። ስማቸውን አልጽፍም። አንዱ ቤት ያገኘሁት ጥፋት በቀላሉ የሚታረም ነው፤ የሰው እንጀራ ላይ መቆም አልፈልግም። ከተማዋን የሚያውቅ ሰው በምልክቱ ይለያቸዋል።

ስለ ምግቡ ከማውራቴ በፊት ስለ ውሃ ልናገር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም። 90 አካባቢ ሲሆን ይፈላል። ጅዳ ደግሞ ባሕሩ ጠርዝ ላይ ናት፣ እዚያ ውሃው 100 ደርሶ ነው የሚፈላው። ከዐረብ አገር የተመለስኩ ሰሞን እዚያ በለመድኩት ደቂቃ ሩዝ ሠራሁ። ከላይ ለስልሷል፣ መሀሉ ግን ጠጠር ነው። ድስቱ ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ይጨሳል፣ ሩዙ ግን አይበስልም። ግራ ገባኝ። ያኔ ሸዋ ሮቢት ወርጄ እናቴ ቤት ያንኑ ሩዝ በዚያው ድስት ሞከርኩ። በሰለ። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፣ ከዚህ 1,500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ከውሃው እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

እዚህ ብዙ ምግብ ቤት ይህን ችግር የሚፈታው ውሃ በመጨመር ነው። ያኔ ሩዙ ገንፎ ይሆናል። መፍትሔው ሌላ ነው። ሩዙን ቀድሞ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ክዳኑን በደንብ መግጠም፣ ጊዜ መስጠት። ሦስቱንም ቤቶች የመዘንኳቸው በዚህና በአንድ ሌላ ነገር ነው፦ ስጠይቅ ምን ብለው መለሱልኝ?

የመጀመሪያው ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መስኮቱ ሰፊ ነው፣ ወንበሩ ምቹ ነው፣ ሜኑው ወፍራም ነው። ከቺክን ፍራይድ ራይስ እስከ ስዊት ኤንድ ሳወር ሁሉም በፎቶ አለ። በሩ ላይ አረንጓዴ የሐላል ስቲከር ተለጥፏል። አስተናጋጇ ትሑት ልጅ ናት። «ሥጋችሁ ከየት ነው?» አልኳት። «ከሙስሊም ልኳንዳ ነው እህቴ፣ ደረሰኙን ላምጣልሽ?» አለችኝ። ደስ አለኝ። ደረሰኝ ላምጣ ያለችኝ የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

ፍራይድ ራይስ አዘዝኩ፣ 420 ብር። ሲመጣ መዓዛው ጥሩ ነው። ግን አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። ጣፋጭ የሆነ፣ ኮምጣጤ የማይመስል ሽታ። ጅዳ የነበርኩበት ቤት ይህ ሽታ ኖሮ አያውቅም። ሳልቀምስ ሼፉን አስጠራሁ። ወጣት ነው፣ እጁ ላይ የዘይት ጠባሳ አለ። ምን እንደሚጨምር ጠየቅኩት። ምንም ሳይደብቅ ጠርሙሶቹን ይዞልኝ መጣ። አንዱ ሶያ ሶስ ነው። አንዱ የዓሣ ሶስ ነው። ሦስተኛው ላይ የቻይና ጽሑፍ አለ፣ ከጀርባው በትንሹ በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አነበብኩት። የሩዝ ወይን ነው። አልኮል 14 በመቶ ይላል።

ልጁ ደነገጠ። «እኔ ኮምጣጤ ነው ብዬ ነው የምጠቀመው» አለኝ። አምነዋለሁ። ይህ ነገር በቻይና ወጥ ቤት የተለመደ ነው፣ የሥጋና የዓሣ ሽታ ለመቀነስ ይጨምሩታል። ጠርሙሱም የኮምጣጤ ጠርሙስ ይመስላል። ግን ስቲከሩ በር ላይ ተለጥፎ፣ ሥጋው ከሙስሊም ልኳንዳ መጥቶ፣ መጥበሻው ላይ ወይን ከተጨመረ ሐላልነቱ የቱ ጋ ነው? ሐላል የሥጋ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ድስቱም፣ ዘይቱም፣ ጠርሙሱም አብረው ይቆጠራሉ። ሶያ ሶስም ሲቦካ በራሱ ትንሽ አልኮል ይፈጥራል። እሱን እያንዳንዱ ሰው የሚያምነውን ሸህ ይጠይቅ። እኔ የምናገረው ከጠርሙስ ተቀድቶ ስለሚገባው ነው።

ሂሳቡን እንዳልከፍል ለመኑኝ። ከፈልኩ። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። ጠርሙሱ የለም። በምትኩ ነጭ ኮምጣጤና ትንሽ ስኳር እንደሚጠቀም ሼፉ ራሱ ወጥቶ ነገረኝ። መጥበሻዎቹንም እንዳጠቡ ነገረኝ። ያን ቀን በላሁ።

ምግቡን በተመለከተ ግን ገና ይቀራቸዋል። ፍራይድ ራይስ የሚሠራው ትናንት በስሎ በቀዘቀዘ ሩዝ ነው። ሩዙ ሲያድር ይደርቃል፣ መጥበሻ ላይ ሲወጣ ፍሬ በፍሬ ይለያያል። እነሱ ትኩስ ሩዝ ነው የሚጠብሱት። ስለዚህ ይጓጉላል፣ እንቁላሉም ሩዙ ላይ ይለጠፋል። መጥበሻውንም ለሦስት ሰው በአንዴ ይሞሉታል። እሳቱ አይችለውም። የተጠበሰ ሳይሆን የተቀቀለ ይሆናል። ስፕሪንግ ሮላቸው ግን በጣም ጥሩ ነው። አራት ፍሬ 180 ብር። የተጠቀለለበት ስስ ሊጥ ይሰባበራል፣ ውስጡ ካሮትና ጥቅል ጎመን ነው፣ ዘይት አይተፋም። ውሃ እዚህ በ90 ይፈላ እንጂ ዘይት የፈለጉትን ያህል ይግላል። የተጠበሰ ነገር ደብረ ብርሃን ላይ አያሳፍርም። እዚህ ቤት የምትሄዱ ስፕሪንግ ሮልና ሻይ በቅመም እዘዙ።

ሁለተኛው ቤት ወደ መናኸሪያው ሲኬድ ያለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቱ መንገድ የሚሠሩ ቻይናዎች ካምፕ ውስጥ ወጥ ቤት ሠርቷል። ኑድል በእጁ ይስባል። ወጥ ቤቱ በመስታወት ነው የተከለለው፣ ቆሞ ማየት ይቻላል። ሊጡን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ይዘረጋዋል፣ ያጥፈዋል፣ እንደገና ይዘረጋዋል። ጠረጴዛው ላይ ጧ! ያደርገዋል። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናል። ልጆች ምግባቸውን ትተው እሱን ነው የሚያዩት።

በእጅ የሚሳብ ኑድል የሙስሊም ታሪክ አለው። ቻይና ውስጥ ሁዊ የሚባሉ ሙስሊሞች አሉ። ላንዦ የምትባለው ከተማ የበሬ ሥጋ ኑድል የእነሱ ነው። በየከተማው ምግብ ቤት ሲከፍቱ በራፉ ላይ «ቺንግዠን» ብለው ይጽፋሉ፣ ሐላል ማለታቸው ነው። ይህን ጅዳ ሳለሁ ነው የሰማሁት። ሐጅ የመጡ ቻይናዎች ሲበሉ አይቼ ጠይቄ።

የደብረ ብርሃኑ ባለቤት ክርስቲያን ነው፣ ሥጋውም የክርስቲያን ነው። ገና ስገባ ሻርፔን አይቶ ነገረኝ። «እህቴ፣ ሥጋው ላንቺ አይሆንም። የአትክልቱን ግን ድስቱን ለይቼ እሠራልሻለሁ።» ስቲከር የለውም፣ ቃሉ ግን አለው። እኔ ለዚህ ሰው ትልቅ አክብሮት አለኝ። ዝም ብሎ ቢያቀርብልኝ ገንዘቤን ያገኝ ነበር።

የምሄደው ረቡዕ ረቡዕ ነው። ረቡዕ የጾም ቀን ስለሆነ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሥጋ የሚባል አይገባም። ከሱቄ ጎን ጫማ የምትሸጥ ጓደኛ አለችኝ፣ ክርስቲያን ናት። ሌላ ቀን አብረን ስንቀመጥ እሷ የሷን፣ እኔ የኔን ነው። ሥጋ ከመጣ ሳህናችን ይለያያል፤ እንዲህ ነው ያደግነው፣ ማንም በማንም አይቀየምም። ረቡዕ ግን አንድ ትልቅ ሳህን ኑድል እናዛለን። እሷ በሹካ፣ እኔ በሹካ፣ ከአንድ ሳህን። ጾሟ አይፈርስ፣ ሐላሌ አይጎድል። ሊጡ እንቁላል እንደሌለው አስቀድመን ጠይቀናል። ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና ዘይት ብቻ ነው። ለሁለታችን የሚበቃ 260 ብር። አንድ ቀን ጓደኛዬ የመጨረሻውን ጥቅል በሹካዋ አንስታ አጎረሰችኝ። ለአራት ዓመት ጎረቤት ሆነን እንዲህ ስታጎርሰኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጣዕሙ? ኑድሉ ልክ ነው። ቀጭን ትኩስ ሊጥ ስለሆነ የደብረ ብርሃን ውሃ አይበግረውም። ከሩዝ ይልቅ ኑድል ለዚህ ከተማ ይስማማል። ጥርስ ላይ ትንሽ ይመልሳል፣ አይሟሟም። ከላይ የሚያፈሰው ዘይት ሚጥሚጣ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሰሊጥ አለበት፣ ያቃጥላል ግን ደስ ይላል። ጨው ያበዛል። ሁለቴ ነግሬዋለሁ፣ አንዴ ቀንሶ አንዴ ረስቷል። የእጅ መታጠቢያው ውሃ በረዶ ነው። ጠዋት ጠዋት መስኮት ላይ ውርጭ በሚታይበት ከተማ አንድ ጀሪካን ሙቅ ውሃ ማስቀመጥ ከባድ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልምጣ። ለዚህ ጽሑፍ ያነሳሳኝ እሱ ነው።

ከእኛ ሕንፃ ቀጥሎ ካለው ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ጋ፣ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ትንሽ ቤት አለች። ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱም የዐረብ አገር ተመላሽ። ሌላ ቀን ሩዝ በሥጋና ሳምቡሳ ይሠራሉ። ቢሪያኒ አርብ ብቻ ነው፣ ከጁምዓ በኋላ፣ አንድ ድስት። ካለቀ አለቀ።

ቢሪያኒ የማውቀው ከጅዳው ቤት ነው። የቤቱ ወጥ ሠሪ ከሕንድ፣ ከሐይደራባድ የመጣች ትልቅ ሴትዮ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ሽንኩርት ብቻ ነው ያስከተፈችኝ። በሦስተኛው ዓመት መጥበሱን ፈቀደችልኝ። ቀስ ብሎ፣ ወርቅ መስሎ፣ ሳይጠቁር። ከዚያ ሥጋው ሳይበስል በእርጎና በቅመም ታሽቶ ያድራል። ሩዙ ለብቻው በጨው ውሃ ግማሽ ይበስላል። ሥጋው ከሥር፣ ሩዙ ከላይ ይደረደራል። ክዳኑ ዙሪያውን በሊጥ ይታሸጋል። ከዚያ እሳቱ ነው የሚሠራው፣ ሰው አይነካውም። ሩዝና ሥጋ ቀላቅሎ ቢጫ ማድረግ ቢሪያኒ አይባልም። እሱ ሌላ ምግብ ነው። የሳውዲዎቹ ካብሳም ሌላ ነው፣ ሩዙ በሥጋው መረቅ ውስጥ ነው የሚበስለው። ይህን የምለው ቢሪያኒ ተብሎ ብዙ ካብሳ ስለበላሁ ነው።

እዚህች ቤት የመጀመሪያውን አርብ ስሄድ ሴትዮዋን ጠየቅኳት። «ሩዙን ለየብቻ ነው የምታበስሉት?» ቀና ብላ አየችኝ። «ነይ ግቢ» አለችኝ፣ ወደ ወጥ ቤት።

ትልቅ ድስት ፍም ላይ ተቀምጧል። ክዳኑ ላይም ፍም አለ። ዙሪያውን ሊጥ ተለጥፏል፣ ሊጡ ደርቆ ዳር ዳሩ እንደ ቂጣ ቀልቷል። ጅዳ 45 ደቂቃ የሚበቃውን እዚህ አንድ ሰዓት ከሩብ ታቆየዋለች። ስንቴ ተበላሽቶባት እንደደረሰችበት ነገረችኝ። ባሏ የማንኪያ እጀታ አምጥቶ ሊጡን ከአንድ ጎን ጀምሮ ሰበረው። ቀጭን እንፋሎት ወጣ። ከዚያ ክዳኑን አነሳው።

ሄል፣ ቀረፋ፣ ናና፣ የተጠበሰ ሽንኩርት። ለጥቂት ጊዜ ጅዳ ነበርኩ። የዚያች ሴትዮ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ።

ከላይ ነጭ ሩዝ ነው፣ መሀል መሀሉ በእርድ ቢጫ ሆኗል፣ ከሥር ቡናማ። አላማሰለውም። በጠፍጣፋ ሳህን ከጎን ገባና እስከ ሥር ቆርጦ አወጣ፣ ሦስቱም ቀለም ሳይደበላለቅ። እንዲህ ነው መሆን ያለበት። አንድ ፍሬ ሩዝ አንስቼ በሁለት ጣቴ ጫንኩት። ሁለት ቦታ ተቆረጠ እንጂ አልተላቀጠም። ባስማቲ ነው፣ ቀድሞ ተዘፍዝፏል፣ ርዝመቱ ይታያል። በፎገራ ሩዝ ሞክረው እንደነበር ነገሩኝ። የፎገራ ሩዝ ለእንጀራ ከጤፍ ጋር ሲቀላቀል ጥሩ ነው፣ እኔም ቤቴ እጠቀማለሁ። ለቢሪያኒ ግን አጭርና ተጣባቂ ነው።

ሥጋው የመንዝ በግ ነው። ባልየው ራሱ አርብ ጠዋት ያርዳል። «ካላመንሽ ሁለት ሰዓት ላይ ነይ» አለኝ። በሚቀጥለው አርብ ሄድኩ። በጉን ወደ ቂብላ አዞረው፣ ቢላዋውን ከበጉ ዓይን ሸሽጎ ነበር የያዘው፣ ቢስሚላሂ አሏሁ አክበር ብሎ በአንድ ምት አረደ። ደሙ እስኪያልቅ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ስለ ሐላሉ ሌላ ጥያቄ የለኝም። ሥጋውን ለማለስለስ ያልበሰለ ፓፓያ ፈቅፍቃ ትቀባዋለች። ፓፓያው ከሸዋ ሮቢት ነው። ሽንኩርቱም ከዚያው ነው። የአገሬ ሽንኩርት የሐይደራባድ ምግብ ውስጥ ገብቶ ሳየው ሆዴ ባባ።

አክስቴ ከአልዩ አምባ መጥታ ነበር፣ ይዣት ሄድኩ። ሰባ ዓመት አልፏታል፣ ምግብ ቤት መብላት አትወድም። አልዩ አምባ ድሮ የሐረር ሲራራ ነጋዴ የሚያርፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች። ጨርቁም ቅመሙም በዚያ ያልፍ ነበር። አክስቴ ሁለት ጉርሻ ከበላች በኋላ ቅርንፉዱን ከሩዙ ውስጥ ለቅማ አወጣችና አሸተተችው። «ልጄ፣ ይሄ የሕንድ ነው የምትይኝ፣ የእናቴ ቤት እኮ እንዲህ ነው የሚሸተው» አለችኝ። ሳህኗን ጨረሰች።

ዋጋው 480 ብር ነው። ውድ ይመስላል፣ ግን አንዱ ሳህን ሁለት ሴት ያጠግባል። ባስማቲው ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ከዚህ በታች ቢሸጡ የሚተርፋቸው አይመስለኝም።

የማይወደድም አለ። ዛዕፈራን የለም፣ በእርድ ነው ያቀለሙት። ዋጋው ስለማይቀመስ እረዳቸዋለሁ፣ ግን እርዱ ከበዛ አፈር አፈር ይላል፣ አንዱ አርብ በዝቶ ነበር። አብሮ የሚመጣው እርጎ ቀጥኗል፣ ዱባ የመሰለ ትልልቅ ቁራጭ ኪያር ይገባበታል። ቀደም ብሎ ያልደረሰ ሰው ቦታ አያገኝም።

ትልቁ ችግር ግን ብርዱ ነው። የመንዝ በግ ላቱ ትልቅ ነው፣ ስቡ ብዙ ነው። ጣዕሙም ከዚያ ነው። ግን ያ ስብ ቀዝቃዛ ሳህን ላይ ሲያርፍ ወዲያው ይረጋል። የመጀመሪያው ቀን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የሳህኔ ጠርዝ ላይ ሻማ የመሰለ ነጭ ነገር ተጋገረ። ምላሴ ላይም ተለጠፈ። ያ ሁሉ ልፋት፣ ያ ሁሉ ፍም፣ በሳህን ቅዝቃዜ ሲበላሽ ማየት ያሳዝናል። ሴትዮዋን ለብቻዋ ጠርቼ ነገርኳት። ሳህኖቹን ቀድማ ሙቅ ውሃ ውስጥ ብታስቀምጣቸው፣ ወይም ምድጃው አጠገብ ብትደረድራቸው ብዬ። ጅዳ እንዲህ አናደርግም ነበር፣ እዚያ ሙቀቱ ራሱ ይበቃል። እዚህ ግን ያስፈልጋል። ዝም ብላ ሰማችኝ። ቅር ያላት መሰለኝ።

ያለፈው አርብ ዝናብ ነበር። ሱቄን ለጓደኛዬ አደራ ብዬ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሮጥኩ። አንድ ወንበር ተረፈችኝ። ሴትዮዋ ከወጥ ቤት ወጥታ በፎጣ የተጠቀለለ ሳህን ይዛ መጣች። «ተጠንቀቂ፣ ያቃጥላል» አለችኝ። ፎጣውን ስገልጠው ሳህኑ ይጨሳል። ሁለት እጄን ዙሪያውን አድርጌ ትንሽ ሞቅኩ። ከዚያ ቢስሚላህ ብዬ ጀመርኩ። እስክጨርስ ድረስ ስቡ አልረጋም።